የመረጃ መንታፊው የገባው ማን ቤት ነው?

አዳማ ውስጥ ትምህርት ቤቶች በሚለቀቁበት ሰዓት ፈጥነው ከሚሞሉት ቤቶች መካከል ጌም ቤቶች ይገኙበታል። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ያረጀ የፕሌይስቴሽን መሣሪያ፣ ተራ የሚጠብቁ ልጆች የተደረደሩበት አግዳሚ ወንበር፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔም ሥርዓቱ ከዚህ ብዙ አይለይም። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ «ሀከር» የሚለው ቃል ስድብ አይደለም። የተቆለፈ ስልክ የሚከፍት፣ ያልተገዛ ጌም በመሣሪያው ላይ የሚጭን፣ የጎረቤት ዋይፋይ የይለፍ ቃል ፈልፍሎ የሚያገኝ ወጣት «እሱ እኮ ሀከር ነው» ተብሎ የሚነሣው በአድናቆት ነው።

ለአድናቆቱ ምክንያት አለው። አንድ አዲስ ጌም በውጭ ገበያ ከ60 እስከ 70 ዶላር ይሸጣል። በጨዋታ ጥቂት ብር የሚያስከፍል ጌም ቤት ይህን ዋጋ ከፍሎ፣ የውጭ ምንዛሪውንም አግኝቶ ሊዘልቅ አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ቤቶች የሚሠሩት ጥበቃው በተሰበረ መሣሪያና በተቀዳ ጌም ነው። ጥበቃውን የሰበረው ሰው ኩባንያው በሚገኝበት አገር ተከሳሽ ቢሆንም ለጌም ቤቱ ባለቤት ባለውለታ ነው። መረጃ መንታፊ ቡድኖች ታላላቅ የጌም ኩባንያዎችን አጠቁ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር የመጀመሪያው ስሜት ሣቅ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። ሣቁ ግን የአዳማ ብቻ አይደለም። በሌሎች አገሮችም ታይቷል፤ እንዴት እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚቆምም የሚያሳይ ታሪክ አለው። ታሪኩ የሽንኩርቱን ዋጋ በስልኩ የሚቀበለውን የመቂ ገበሬም ይመለከታል።

ነገሩ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ጆርጅ ሆትዝ የተባለውን አሜሪካዊ ወጣት የፕሌይስቴሽን 3 ጥበቃ የሚሰበርበትን መንገድ ይፋ አድርገሃል ብሎ ከሰሰው። ብዙ ተጫዋቾች ከወጣቱ ጎን ቆሙ። ሰው በገንዘቡ በገዛው ዕቃ የፈለገውን ቢያደርግ ኩባንያውን ምን አገባው የሚለው ክርክር ሚዛን ደፋ። አኖኒመስ በሚል ስም የሚታወቀው የመረጃ መንታፊዎች ስብስብ በሚያዝያ ወር ሶኒን እበቀላለሁ ብሎ ሲነሣ ጭብጨባው ደምቆ ነበር። ጭብጨባው የቆየው ግን የተጫዋቾቹ አገልግሎት እስኪቋረጥ ድረስ ብቻ ነው። ቁጣው ወደ ራሱ ሲዞር ያየው ስብስብ ተጠቃሚውን ላለመጉዳት በጨዋታ መረቡ ላይ የከፈተውን ጥቃት አቆማለሁ ብሎ ለማስታወቅ ተገደደ።

ከዚያ የባሰው መጣ። በዚያው ወር ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ወደ ሶኒ የጨዋታ መረብ ሰርገው ገቡ፤ አኖኒመስ እኔ አይደለሁም አለ። ኩባንያው መረቡን የዘጋው ሚያዝያ 20 ቀን (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር) ሲሆን የደንበኞች መረጃ መሰረቁን ለሕዝብ የተናገረው ግን ከስድስት ቀናት በኋላ ነው። የ77 ሚሊዮን አካውንቶች ባለቤቶች ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀንና የይለፍ ቃል በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ነበር። አገልግሎቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ቆየ። በዚህ ጊዜ የሕዝቡ ስሜት ሰርጎ በገባው ሰው ላይ ብቻ አላረፈም። ከሁሉ ይልቅ ያስቆጣው የስድስት ቀኑ ዝምታ ነበር። የሶኒ ኃላፊዎች በቶኪዮ በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ ጠየቁ፤ የብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪም በ2013 ኩባንያውን 250 ሺህ ፓውንድ ቀጣው። ስርቆቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የተቀጣው የተሰረቀው ድርጅት መሆኑ ለአንዳንዶች ግራ ቢመስልም፣ አስተሳሰቡ ባዕድ አይደለም። የአደራ እህል የተቀበለ ሰው ጎተራው ክፍት ከነበረ ሌባ ገባብኝ ማለቱ ብቻ ነፃ አያወጣውም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሉልዝሴክ የተባለ ሌላ ቡድን ሣቁን ራሱን መተዳደሪያው አደረገ። ማንን እናጥቃላችሁ ብሎ የስልክ መስመር ከፈተ፤ ሰዎችም ደወሉ። ማይንክራፍትንና ኢቭ ኦንላይንን የመሳሰሉ ተወዳጅ ጨዋታዎች በአንድ ቀን ሲጠቁ ግን ከደጋፊዎቹ መካከል ብዙዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ትናንት በሶኒ የሳቀው ተጫዋች ዛሬ ራሱ በር ላይ ቆሞ መግባት አቅቶት ነበር።

ከሁሉ የሚከነክነው ከሦስት ዓመታት በኋላ የመጣው ነው። በ2014 የአውሮፓውያን ገና ዕለት ሊዛርድ ስኳድ የተባለ ቡድን የሶኒንና የማይክሮሶፍትን የጨዋታ መረቦች በአንድነት ከአገልግሎት ውጭ አደረጋቸው። ጠዋት ስጦታቸውን የከፈቱ ሕፃናት መጫወት አልቻሉም። ቡድኑ የኩባንያዎቹን ድክመት አሳየን አለ። አንድ የኢንተርኔት ባለሀብትም ጥቃቱን እንዲያቆሙ ብሎ የነፃ አገልግሎት ቫውቸር ሰጣቸው (ለሌባ ጉርሻ መሆኑ ነው)። ስሙ ከዚህ ቡድን ጋር ይነሣ የነበረ አንድ የፊንላንድ ወጣት በ2015 ከ50 ሺህ በላይ በሆኑ የኮምፒውተር ሰርጎ መግባት ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ የታገደ የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ማለትም እስር ቤት አልገባም። የልጅነት ነገር ነው ተብሎ ታለፈ። ይኸው ሰው በ2024 በድጋሚ ፍርድ ቤት ፊት ቆመ። የዚህኛው ክስ ጉዳይ ጌም አልነበረም። ከአንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ተቋም የ33 ሺህ ያህል ታካሚዎች ምሥጢር ተሰርቆ፣ ታካሚዎቹ አንድ በአንድ ገንዘብ ካልከፈላችሁ ለሐኪም የነገራችሁትን እናወጣዋለን የሚል መልእክት ደርሷቸው ነበር። ወጣቱ ክሱን ቢክድም ፍርድ ቤቱ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ፈረደበት።

ሰዎች የተጠለፈውን ጌም ኩባንያ ለምን በሣቅ ያልፉታል የሚለውን ለመረዳት ከአዳማ ብዙም ሳይርቁ ወደ ወንጂ መውረድ ይበቃል። መንገድ ዳር ካለው ሰፊ የሸንኮራ ማሳ አንድ አገዳ ሰብሮ እየላጠ የሚሄድ ልጅ በመንደሩ ዓይን ሌባ አይደለም። ማሳው የፋብሪካው ነው፤ ፋብሪካው የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት የሆነ ደግሞ የማንም አይደለም። ይሁን እንጂ በወንጂ ዙሪያ ለፋብሪካው አገዳ የሚያቀርቡት በማኅበር የተደራጁ አርሶ አደሮችም ናቸው፤ ከመንገዱ ሆኖ ለሚያይ ልጅ የፋብሪካው ማሳና የገበሬው ማሳ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። ከገበሬው ማሳ የተሰበረው አገዳ ሚዛን ላይ ሲጎድል የሚጎድለው ከአንድ ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ ነው። የጌም ኩባንያ አካውንትም፣ የባንክ ደብተርም እንደዚሁ ነው። ሕንፃውና ስሙ የድርጅቱ ቢሆንም ውስጡ የተከማቸው የሌላ ሰው ነው።

ይህ አመለካከት በአገራችን በሁለት አጋጣሚዎች ተፈትኗል፤ የሁለቱ ንጽጽርም አስገራሚ ነው።

የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. የሆነው ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተቃረበበት ሰኔ ወር ሳይበር ሆረስን ጨምሮ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በኢትዮጵያ የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ጥቃት ከፈቱ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በወቅቱ ሰኔ 10፣ 11 እና 13 የተሰነዘሩትን ጥቃቶች አክሽፌያለሁ ብሎ ነበር። በጥቂት ድረ ገጾች ላይ የፈርዖን ሥዕልና ማስፈራሪያ ተለጥፎ ታየ። ጉዳቱ በገንዘብ ቢለካ ኢምንት ነው፤ ገጾቹን አብዛኛው ሰው ከፍቷቸውም አያውቅም። ቁጣው ግን የግድቡን ያህል ነበር። «ሀከር» የሚለውን ቃል በአድናቆት የሚጠሩ ወጣቶች በዚያ ሳምንት ቃሉን እንደ ጠላት ስም ጠሩት። የተነካው የራሳቸው ቤት ነበርና።

ሁለተኛው መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው ነው። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ብልሽት ምክንያት ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ይህ የመረጃ መንታፊ ሥራ እንዳልነበረ ባንኩ በግልጽ ተናግሯል፤ ችግሩ ከራሱ ከውስጥ የመነጨ ነው። የሕዝቡን ስሜት ለመመልከት ግን ከየትኛውም ጠለፋ የበለጠ አስተማሪ ሆኗል። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ በሌሊት ተዛመተ፤ በየግቢው የኤቲኤም ማሽኖች ፊት ሰልፍ ተሠራ። ባንኩ ኋላ ላይ የወጣውን ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አድርሶታል። በዚህን ያህል ገንዘብ የአገሬው የመጀመሪያ ምላሽ ቀልድ ነበር። በዚያ ሌሊት ተኝቶ ያደረ ሰው እንደ ሞኝ ተቆጠረ፤ ቀልዱ በየታክሲው፣ በየቡና ቤቱ፣ በየስልኩ ሳምንት ሙሉ ዞረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ጥቂት ገጾች ላይ ሥዕል ሲለጠፍ አገር ተቆጣ፤ ስምንት መቶ ሚሊዮን ብር ሲወጣ አገር ሳቀ። ሰው የሚፈርደው በጉዳቱ መጠን ሳይሆን የጉዳቱ ባለቤት ነው ብሎ በሚያስበው አካል እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ንግድ ባንክ በብዙዎች ዓይን «የመንግሥት» ነው። እርግጥ ነው የመንግሥት ነው፤ በውስጡ ያለው ተቀማጭ ግን ጤፉን ሸጦ ለማዳበሪያ ያስቀመጠው የሉሜ ገበሬ፣ ዕቁቧን ያስገባችው የአዳማ ነጋዴ፣ ጡረታው የሚገባለት አዛውንት ገንዘብ ነው። ሣቁ መቀዝቀዝ የጀመረውም ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ሲያቋርጥና ቅዳሜ ጠዋት ገንዘቡን ለማውጣት የሄደ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ አሳሰቡ፤ በፈቃዱ የመለሰ እንደማይከሰስ ተነገረ፤ ብዙም ሳይቆይ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ አወጣ። ፎቶው በወጣ ጊዜ የሳቀውም ሰው የዘመዱን ፊት ፈለገ። በዚያው ወር ባንኩ ከጠፋው ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል መመለሱን አስታወቀ።

ንግድ ባንክን ከሶኒ ጋር ሲያነጻጽሩት አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ሶኒ ስድስት ቀን ዝም ብሎ የተጫዋቾቹን ቁጣ ወደ ራሱ ሳበ። ንግድ ባንክ በፍጥነት ቢናገርም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን ያህል ገንዘብ እንደወጣ ቁጥሩን ባለመግለጹ ከእውነተኛው የሚበልጥ መጠን በውጭ ዜና ማሰራጫዎች ጭምር ሲናፈስ ሰንብቷል። በመረጃ ክፍተት ውስጥ ወሬ እንደ አረም ይበቅላል፤ አረም ደግሞ ከሰብሉ ቀድሞ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ መቂና ወደ ባቱ። በስምጥ ሸለቆው የመስኖ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም ከማሳ ሲጫን ክፍያው ከነጋዴ ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ ገበሬ የሚሄደው ከጊዜ ወደ ጊዜ በስልክ እየሆነ መጥቷል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መዝግቧል። ገንዘብ በሻንጣ ይዞ ከመንገድ ዘራፊ ጋር ከመጋፈጥ ይህ እጅግ የተሻለ ነው። ነገር ግን አዲስ ዓይነት ሌባ ተከትሎት መጥቷል፤ ገበሬውም ሲዘረፍ «ሀክ ተደረግሁ» ይላል።

ቃሉ ትክክል አይደለም፣ አለመሆኑም ለውጥ ያመጣል። በአብዛኛው የሆነው የቴሌብር ሥርዓት ተሰብሮ አይደለም። አንድ ሰው ይደውላል፤ ከቴሌ ነኝ፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ ወይም በስሕተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁ ይላል፤ አንቱ እያለ፣ በትሕትና፣ አንዳንዴም በአካባቢው ቋንቋና አነጋገር። ከዚያ የምሥጢር ቁጥሩን ወይም በመልእክት የመጣውን ቁጥር ይጠይቃል። በሩን የከፈተው ባለቤቱ ራሱ ነው። ይህ ደግሞ የከተማው ልጅ ጌም ላይ ከሚደርስበት ጋር አንድ ነው። በስልኩ ፍሪ ፋየር ወይም ፐብጂ የሚጫወት ወጣት «ነፃ ዳይመንድ» የሚል ሊንክ ይደርሰዋል፤ ሊንኩን ተጭኖ የይለፍ ቃሉን ያስገባል፤ ለወራት የደከመበት አካውንት በማግሥቱ የሌላ ሰው ይሆናል። ኩባንያው አልተጠለፈም፤ ልጁ ነው የተታለለው። አባት በመቂ፣ ልጅ በአዳማ፣ ወጥመዱ አንድ ነው።

የሕዝቡ ምላሽ ግን በዚህ ጊዜ ከሁሉም የከፋ ይሆናል። ለኩባንያ አይታዘንም፣ ለአገር ይቆጣሉ፣ ለተታለለ ገበሬ ደግሞ ይስቃሉ። «እንዴት ቁጥርህን ትሰጣለህ» የሚለው ነቀፋ ከገንዘቡ በላይ ያማል። ስለዚህ የተዘረፈው ሰው ዝም ይላል፤ ለሚስቱም የማይነግር አለ። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገሪቱ ሲገባ የግብርና ባለሙያዎች ሥራ የተመሠረተው መጀመሪያ ያየው ገበሬ ወዲያው እንዲናገር በማድረግ ላይ ነበር። በቆሎዬ በላ ማለት አያሳፍርም። ገንዘቤን በስልክ ተበላሁ ማለት ግን ያሳፍራል፤ አጭበርባሪውም በዚያው ስልክ በማግሥቱ ወደ ጎረቤቱ ይደውላል። የተታለለው ሰው በዕለቱ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ቢደውልና ለፖሊስ ቢያመለክት ገንዘቡ ሁልጊዜ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ግን ይመዘገባል።

ሕጉ በዚህ ረገድ የራሱ ሚዛን አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ግለሰብ የኮምፒውተር ሥርዓት የገባን ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። የገባው ወደ ድርጅት ሥርዓት ከሆነ ቅጣቱ ወደ ጽኑ እስራት ከፍ ይላል፤ ወደ ቁልፍ መሠረተ ልማት ከሆነ ደግሞ እስከ ዐሥር ዓመት ይደርሳል። ሕዝቡ ትልቁ ሲነካ ይስቃል፤ ሕጉ በአንጻሩ ትልቁ ሲነካ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከትልቁ ጀርባ ያሉትን ብዙዎችን ይቆጥራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሰበሰቡ ድርጅቶች የመጠበቅ፣ ጥሰት ሲደርስም የማሳወቅ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ሶኒን ያስቀጣው ዓይነት ጥያቄ ከእንግዲህ እዚህም ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። አፈጻጸሙ የሚለካው የመጀመሪያው ከባድ ጥሰት ሲደርስ ነው።

እስከዚያው ድረስ ባንኮችና ኢትዮ ቴሌኮም የምሥጢር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ የሚል አጭር መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ በስምጥ ሸለቆው መንደሮች በብዙ ቤት የሚነበበው በአባት አይደለም። ማንበብ የሚችለው፣ *127# የሚጫነው፣ የሽንኩርቱ ገንዘብ መግባቱን አይቶ የሚናገረው ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነው። የምሥጢር ቁጥሩንም የሚያውቀው እርሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ በጌም ቤቱ አግዳሚ ላይ ተራውን የሚጠብቀውም እርሱ ነው።